ጀልባ ያመለጣቸው

ነሐሴ 4፣ ማሄ

የሲሼልሱ ጉዞ የእህቴ ሐሳብ ነው። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው። ዋና አልችልም። «አንድ ሳምንት ሙሉ ከደሴት ደሴት በጀልባ እንዞራለን» ስትለኝ ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አውሮፕላን የለም እንዴ?» መኖሩንስ አለ። ከማሄ ደሴት ወደ ፕራስሊን ደሴት በትንሿ አውሮፕላን ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እሷ ግን «ደሴት የሚገባው በባሕር ነው» ብላ ዘጋችው። ታናሼ ናት። በቤታችን የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ግን እሷ ናት።

ሲሼልስ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ከመቶ በላይ ደሴቶች ናት። ነዋሪው ተቆጥሮ መቶ ሺህን ቢያልፍ በትንሹ ነው። አብዛኛው የሚኖረው ማሄ በምትባለው ትልቋ ደሴት ነው። ትልቋ ስል ርዝመቷ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቪዛ አይጠይቁም፤ ከመነሳት በፊት ግን በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግድ ነው። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ዋጋ ታስከፍለናለች። ደግሞ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብጽፍም፣ የታሪኩን ዓመታት የማስቀምጠው በፈረንጆቹ ነው።

ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ በእግር ታልቃለች። መሀሏ ላይ ብርማ ቀለም የተቀባች ትንሽ የሰዓት ማማ ቆማለች። ለንግሥት ቪክቶሪያ መታሰቢያ ተብላ በ1903 የተተከለች ናት። ለብዙ ዓመታት ደውላ አታውቅም ነበር ይላሉ። ምክንያቱ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ዕቃው ከመርከብ ሲራገፍ፣ ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዘው ብረት ከሰዎቹ እጅ አምልጣ ባሕር ገባች። በቃ። መርከብ የጣለው ዕቃ እዚህ አገር የጠፋ ዕቃ ነው።

ከማማዋ ወደ ገበያው ገባን። የዓሣ መደቡ ላይ ቱናው፣ ቀዩ ቦርዡዋ፣ ስሙን ያልያዝኩት ሁሉ ተደርድሯል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። አገር ቤት በሬ ሲግጥ ከእግሩ ሥር የማትጠፋው ነጭ ወፍ እዚህም አለች። በሬ የለም። ስለዚህ የምትከተለው ዓሣ ሻጮቹን ነው። መደቡ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ቢላው የሚጥለውን ትጠብቃለች። «ማዳም ፓቶን» ይሏታል። አንዱ ሻጭ በክርኑ ገፋ አደረጋት፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የሚተያዩት።

ማታ ላይ ወደብ ዳር ተቀምጠን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ ቦታ በመርከብ ለመጣ ሁሉ መዝናኛ አልነበረም። እንግሊዞች ያስቸገራቸውን ንጉሥ የሚያርቁት እዚህ ነበር። የአሻንቲው (የዛሬዋ ጋና) ንጉሥ ፕሬምፔ ከ1900 እስከ 1924 የኖረው እዚህ በግዞት ነው። ጦርነት የመራችባቸው የዚያው አገር ሴት ያአ አሳንቴዋ በ1921 እዚሁ ሞተች። የቡጋንዳው (የዛሬዋ ዩጋንዳ) ካባካ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ምዋንጋም በ1903 እዚሁ ነው ያረፈው። ጠባቂ እንኳ ብዙ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የአፍሪካ ዳርቻ ከዚህ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

«ደስ የሚል ነገር አውራ እስቲ» አለችኝ እህቴ።

ነሐሴ 5፣ ከማሄ ወደ ፕራስሊን

ጀልባዋ ካታማራን ናት። ጎን ለጎን በተኙ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ላይ አንድ ትልቅ ቤት የሠሩ ይመስላል። ሻንጣችን ላይ ቁጥር ለጠፉና ወሰዱት። የትኬቱ ዋጋ ለነዋሪና ለውጭ ሰው ይለያያል፤ ለእነሱ ይህ ታክሲያቸው ስለሆነ አይፈረድም። የመስኮት ወንበር ይዤ ተደላደልኩ። አንድ ወጣት የወረቀት ከረጢት እያደለ መጣ። ቁርስ መስሎኝ አመስግኜ ተቀበልኩ። ከፈትኩት። ባዶ ነው።

ከረጢቱ ምን እንደሆነ የገባኝ ከወደቡ ወጥተን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው።

ነገሩን ቆይቶ ያስረዳኝ ያው ወጣት ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ገደማ ነፋሱ የሚመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ፕራስሊን ደግሞ ከማሄ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ናት። ስለዚህ ጀልባዋ ማዕበሉን ፊት ለፊት አትቆርጠውም፤ ማዕበሉ በጎኗ ገብቶ ያንከባልላታል። በሚያዝያና በኅዳር አካባቢ፣ አንዱ ነፋስ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ፣ ባሕሩ ዝርግ ይላል። እኛ የመጣነው በነሐሴ ነው። በጉዞው ሐሳብ ላይ የተጨመረ ሌላ የእህቴ ሐሳብ።

መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የዚያች አንዲት ሰዓት ርዝመት ግን ልነግራችሁ አልችልም። መስኮቱ አንዴ ሰማይ ያሳየኛል፣ አንዴ ውሃ። ዓይኔ ወንበሩን ያያል፤ ወንበሩ ደግሞ የቆመ ይመስላል። የውስጥ ጆሮ ግን «ኧረ እየተገለበጥን ነው» ይላል። አንጎል ከሁለቱ የቱን ይመን? ሲጨንቀው ሆድን ይጠራል። ወደ ላይ ወደ ላይ አለኝ። ከፊቴ ያሉት ፈረንጆች አንድ በአንድ ከረጢታቸውን አነሱ። ድምፁ ራሱ ይጋባል። ከዚያ የሆነውን አልጽፍም።

መሀል ላይ ግን አንዲት ሴትዮ አየሁ። ስድሳውን ያለፉ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ፏ ያሉ እናት ናቸው። ጭናቸው ላይ ትልቅ ነጭ ካርቶን ይዘዋል። ካርቶኑ ክዳን ላይ የላስቲክ መስኮት አለው፤ ከሥሩ ሮዝ ክሬም የተቀባ ኬክ ይታያል። ጀልባዋ ወደ ግራ ስትወድቅ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ወደ ቀኝ ያነሱታል። ወደ ቀኝ ስትወድቅ ወደ ግራ። ፊታቸው አይለወጥም። ወገባቸውም አይነቃነቅም። ኬኩ ራሱ ከአግድመቱ ዝንፍ አላለም። እኔ ከረጢት ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ እሳቸው የልጅ ልጅ ልደት ይዘው ይሄዳሉ።

ዓይናችን ሲጋጠም በእንግሊዝኛ «ስልክህን አስቀምጥ፤ ደሴቷን እያት» አሉኝ። ከመስኮቱ ባሻገር ሩቅ አንድ አረንጓዴ ጉብታ ነበር። እሱን ብቻ ሙጭጭ ብዬ አየሁ። እውነትም ትንሽ ረጋ አለልኝ። ለሚቀጥለው ሰው ልንገር፦ ከላይኛው ፎቅ ይልቅ ታች፣ ከፊት ይልቅ ወደ ኋላና መሀል ተቀመጡ። የማትንቀሳቀስ ነገር ፈልጋችሁ እዩ። ዝንጅብልም አይከፋም።

ቤ ሴንት አን የሚባለው ወደብ ስንደርስ መሬቱ እግሬ ሥር ይወዛወዝ ነበር። እህቴ ምንም አልሆነችም። ቁርሷንም ጨርሳለች።

ወደ ማረፊያችን የሄድነው በአውቶቡስ ነው። ሾፌሩ ይበራል ብል ይቀለኛል፤ አንድ ጎኑ ገደል፣ አንድ ጎኑ ባሕር። መውረድ የፈለገ ሰው «ዴቫን!» ብሎ ይጮኻል። «ፊት ለፊት» እንደማለት ነው፣ በእነሱ ቋንቋ በክሪዮል። እኔ በልማድ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ሾፌሩ ቆመ። ቃሉ አልገባውም፤ ድምፁ ግን ገብቶታል።

ነሐሴ 6፣ ፕራስሊን

ቫሌ ደ ሜ ትንሽ ሸለቆ ናት። በግማሽ ቀን ትዳረሳለች። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1983 ነው። ገብታችሁ አሥር እርምጃ ሳትሄዱ ሰማዩ ይጠፋል። ከላይ የሚንኮሻኮሸው ነፋስ ሳይሆን ቅጠል ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል የአንድ ክፍል ጣሪያ ያህላል። ዝናብ ሲዘንብ ቅጠሉ እንደ አሸንዳ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ግንዱ ሥር ያወርደዋል። የወፍ ኩሱንም፣ የወደቀውንም የአበባ ብናኝ አብሮ። ዛፉ ለራሱ ማዳበሪያ የሚያመጣው በዚህ ነው።

ዛፉ ኮኮ ደ ሜር ይባላል። «የባሕር ኮኮናት» ማለት ነው። ስሙ ውሸት ነው። ሰው ደሴቶቹን ሳያውቅ በፊት ፍሬው አልፎ አልፎ ማልዲቭስ ዳርቻ ተንሳፍፎ ይገኝ ነበር። ዛፉን ያየ የለም። ስለዚህ ከባሕሩ ሥር የሚበቅል ዛፍ አለ ተባለ። እውነተኛው ዛፍ የታወቀው በ1768 ነው፣ የፈረንሳይ መርከቦች ፕራስሊን ሲደርሱ።

አስጎብኚያችን አንዱን ፍሬ አሸከመኝ። በዓለም ካሉ ዘሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የእኔ ያን ያህል አልነበረም፤ ወገቤ ግን ለይቶ አልመሰከረም። ቅርጹን ለመግለጽ አፈርኩ። ያየ ሁሉ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ይስቃል። ዛፉ ወንድና ሴት አለው። የወንዱን አበባ ያየ ደግሞ ሁለተኛ ይስቃል። ማዕበል ባለበት ሌሊት ዛፎቹ ተነስተው ይገናኛሉ፣ ያንን ያየ ሰውም አይተርፍም የሚል ተረት አላቸው። ፍሬው ለመብሰል ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተራው ኮኮናት መንገደኛ ነው። ቅርፊቱ ያንሳፍፈዋል፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ የወጣበት ዳርቻ ላይ ይበቅላል። ኮኮ ደ ሜር ግን ከባድ ነው። ጤነኛው ፍሬ ባሕር ሲገባ ይሰምጣል። የሚንሳፈፈው ውስጡ በስብሶ ባዶ ሲሆን ነው፤ ያኔ ደግሞ አይበቅልም። ማልዲቭስ የደረሱት እነዚያ ፍሬዎች ሁሉ የሞቱ ነበሩ። ለዚህ ነው በተፈጥሮው በሁለት ደሴቶች ብቻ የቀረው፤ እዚህና አጠገቧ ባለችው ኩሪዬዝ።

«ጀልባ ያመለጠው ዛፍ» አለችው እህቴ። ሳቅን። በማግስቱ ማግስት በራሳችን እንደሚደርስ አላወቅንም።

ወደዚህ ሸለቆ በ1881 የመጣ አንድ እንግሊዛዊ አለ፤ ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን። በኋላ ካርቱም ላይ የተገደለው ራሱ። ለእኛም ባዳ አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተፋጧል። እዚህ ሲመጣ ግን ልቡ ቀለጠ። የኤደን ገነት ይህች ናት ብሎ ቁጭ አለ። ኮኮ ደ ሜር መልካምና ክፉን የምታሳውቀው ዛፍ ናት፣ የዳቦ ፍሬው ደግሞ የሕይወት ዛፍ። ከጣና አፍንጫ ሥር ሆኖ፣ ግዮንን ያህል ወንዝ አልፎ የሄደ ሰው ገነትን ሕንድ ውቅያኖስ ላይ መፈለጉ ይገርመኛል። ደብረ ታቦር ላይ አልተመቸውም ማለት ነው።

ማታ የዳቦ ፍሬ ተጠብሶ ቀረበልን። ድንችና ዳቦ የወለዱት ነገር ነው። እሱን የበላ ሰው ሳይመለስ አይቀርም ይላሉ። እህቴ ፍልሰታን እየጾመች ስለሆነ ይህ ፍሬ ጓደኛዋ ሆኗል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ትናንት ጀምረነው ነበር፤ ዛሬም አልቀጠልነውም። እኔ በልቻለሁ።

ነሐሴ 7፣ ኩሪዬዝ

በትንሽ ጀልባ ደርሶ መልስ። ባሕሩ በዚህ በኩል ጋብ ያለ ነው፤ ፕራስሊን ራሷ ነፋሱን ትከልላለች። እስከ 1965 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተለይተው ይኖሩባት የነበረች ደሴት ናት። አሁን ጌቶቿ ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው። አንዱን አንገቱ ሥር ስታኩት እግሩን አንቀርፍፎ ይቆማል፣ አንገቱን እንደ ቧንቧ ያስረዝማል። እህቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታክ ዋለች። እኔ ጥላ ሥር ተኛሁ።

ነሐሴ 8፣ ላ ዲግ

ላ ዲግ ከፕራስሊን 15 ደቂቃ ናት። ዕቅዳችን ደርሶ መልስ ነበር። ሻንጣችንን፣ የጥርስ ብሩሻችንን፣ ቅያሬ ልብሳችንን ፕራስሊን ትተን ወጣን።

የደሴቷ ስም ራሱ የመርከብ ስም ነው። በ1768 ከመጡት ሁለት መርከቦች አንዷ ላ ዲግ፣ ሌላዋ ኩሪዬዝ ትባል ነበር። መርከቦቹ ሄዱ፤ ስማቸው ቀረ። መኪና ጥቂት ነው። ሕፃኑም፣ ፖሊሱም፣ አሮጊቷም በሳይክል ነው። ድሮ በበሬ ጋሪ ነበር አሉ። እኛም ወደቡ ላይ ሁለት ሳይክል ተከራየን። የእኔዋ ፍሬን የሚይዘው ሐሳቧን ከሰበሰበች በኋላ ነው።

አንስ ሱርስ ዳርዣንን በፎቶ ያላያችሁ አትመስሉኝም። የማስታወቂያ ፎቶ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው። አሸዋው ነጭ፣ ውሃው ጉልበት የማይሞላ፣ ሩቅ ድረስ በኮራል አጥር የታጠረ። ዋናው ነገር ድንጋዩ ነው። ሌሎች ከአህጉር የራቁ የውቅያኖስ ደሴቶች ወይ ከእሳተ ገሞራ የወጡ፣ ወይ ኮራል የሠራቸው ናቸው። እነዚህ ግን ግራናይት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ700 ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ሕንድና ማዳጋስካር ሲለያዩ መሀል ላይ የቀረ የአህጉር ስባሪ ናቸው። ዝናብ አጥቦ አጥቦ ጎናቸውን ቦይ ቦይ አድርጎታል። እጄን ቦዩ ውስጥ ከትቼ ላይ ታች አልኩት፤ ልክ እንደ ዝሆን ጉልበት ሸካራና ሙቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮረብታውን ተሻግረን ግራንድ አንስ ሄድን። እዚያ ማዕበሉ ሌላ ነው። በዚህ ወቅት ነፋሱን ፊት ለፊት የምትቀበል ዳርቻ ናት። መዋኘት አደገኛ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ቆሟል። እኔ ሰሌዳ አልፈለግሁም። እህቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ፎቶ ላንሳ ስትል አንዱ ሞገድ መጣና ስልኳን ጠጣው። የእኔ ስልክ ደግሞ ድንጋይ ሲያነሳ ውሎ ባትሪው አልቋል።

«አይዞህ፣ ሰዓት አለኝ» አለች። የእጅ ሰዓቷን ማለቷ ነው።

እዚህ ላይ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አውጡ። የእህቴ የእጅ ሰዓት አገር ቤት እንዳለ ነው። አልቀይረውም ብላለች፤ እማዬ ጋ ስትደውል እንዳትሳሳት። ትኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር አይታ ስድስት ቀነሰች። አንዷን ሰዓት ግን ረሳቻት። እኔም አብሬ ረሳሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ አላሰብኩትም። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን እየዘፈንን ወደቡ ደረስን። ሳይክላችንን መለስን። የመጨረሻዋ ጀልባ ከሄደች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል።

ወደቡ ላይ አንድ ልጅ መንጠቆ ይዞ ዓሣ ያጠምዳል። ሌላ ሰው የለም። ፕራስሊን እዚያው ፊታችን ናት። መብራቷ ይታያል። ጥርስ ብሩሼ እዚያ ናት።

«ዋና ብትችል ኖሮ» አለች እህቴ።

ማረፊያ ፍለጋ ዞርን። አንደኛው ሙሉ። ሁለተኛው ሙሉ። ሦስተኛው ጋ ምክንያቱ ተነገረን። ነገ እነሱ ኦገስት 15 የሚሉት ቀን ነው፤ የእመቤታችን ዕርገት። ለላ ዲግ የዓመቱ ትልቁ በዓል። ከማሄም ከፕራስሊንም ሰው ጎርፏል። እህቴ ዝም ብላ ቆመች። «ፍልሰታ?» አለችኝ። አዎ፣ ፍልሰታ። ለእኛ ነሐሴ 16 ነው፤ ለእነሱ ነገ።

አራተኛዋ ባለቤት ቦታ የለኝም ብላ በሩን ልትዘጋ ነበር። ጥፋታችንን ነገርናት። የአንድ ሰዓቷን ታሪክ ስትሰማ ሳቀች፤ እስክታስነጥስ ሳቀች። ከዚያ የልጆቿን ፍራሽ ሳሎን አነጠፈችልን። እራት ላዶብ ሰጠችን። ሙዝ ነው፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ፣ ገውዝ የተጨመረበት። የላም ወተት የለውም፣ ቅቤ የለውም። እህቴ ሁለት ጊዜ ጠየቀችና ሦስት ሳህን በላች።

ሌሊት ላይ ከሩቅ ከበሮ ተሰማ። ሴትዮዋ ይዛን ወጣች። ዳርቻው ላይ እሳት ነዷል፤ ሰፋፊ ከበሮዎች እሳቱ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ቆዳው እንዲወጠር እያሞቁት ነው። ሙትያ ይሉታል። በባርነት ዘመን ከጌቶች ተደብቆ በሌሊት የሚጨፈር ነበር። ዩኔስኮ በ2021 መዝግቦታል። እግር ብዙም ከመሬት አይነሳም፤ ሁሉ ነገር ወገብ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ከበሮውን በጣቱ ጫፍ ሞከረ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ መልሶ ወደ እሳቱ አስጠጋው። ሦስት ጊዜ። አራተኛው ላይ ራሱን ነቀነቀና መታው።

ነሐሴ 9፣ ላ ዲግ እና ፕራስሊን

ጠዋት ደሴቷ በሙሉ ነጭ ለብሳ ወጣች። ቅዳሴ፣ ከዚያ ሰልፍ። ሴቶቹ ባርኔጣ፣ ሕፃናቱ ክንፍ የመሰለ ቀሚስ። የእመቤታችን ሐውልት በሰው ትከሻ ላይ፣ በአበባ ተከብባ ትሄዳለች። እህቴ ነጠላ አልያዘችም። ሴትዮዋ የጠረጴዛ ልብስ የሚያህል ነጭ ሻሽ አውሳት ነበርና እሱን አጣፍታ ተከተለች። ዝማሬውን አናውቀውም። አንዳንዱ ቦታ ላይ «ማሪ» የሚለው ሲመጣ ግን እሷም ድምፅ ታወጣ ነበር። እኔ ከኋላ የትናንቱን ሸሚዝ ለብሼ፣ ጥርሴን በጣቴ ፍቄ።

«እነሱ ፈሰኩ፣ እኛ ገና ሳምንት አለን» አለችኝ ሲያልቅ። ዶሮ ሲጠበስ እያየች ነበር።

የማታዋን ጀልባ በሁለት ሰዓት ቀድመን ጠበቅናት። አንድም ነገር ለዕድል አልተውንም። የሚጫነውን ሳይ ቆየሁ፦ የሕፃን አልጋ፣ የእንቁላል ትሪ በገመድ የታሰረ፣ ጎማ የሌለው ሳይክል፣ የበዓል ድስቶች፣ አንድ ፍራሽ። ፍራሹን የያዘው ሰውዬ ጀልባዋ ስትነሳ ላዩ ላይ ተኝቶ እንቅልፉን ለጠጠ።

ነሐሴ 10፣ ከፕራስሊን ወደ ማሄ

ነፋሱ ያው ነው። ማዕበሉም ያው። እኔ ግን ታች፣ መሀል፣ ወደ ኋላ ተቀምጬ፣ ዝንጅብል እያላመጥኩ፣ የማሄን ተራራ ሙጭጭ አድርጌ ይዤዋለሁ። አጠገቤ አንድ ወጣት ፈረንጅ ከረጢቱን ተቀብሎ ውስጡን አየ፣ ግራ ገብቶት አገላበጠው። «ቁርስ አይደለም» አልኩት። ዝንጅብሌን አካፈልኩት። ግማሽ መንገድ ድረስ ጠቅሞታል።

ቪክቶሪያ ስንደርስ ቀኑ ገና ነበር። አውሮፕላናችን ነገ ነው። ሻንጣ እየጎተትን በሰዓቷ ማማ ሥር ስናልፍ እህቴ ቆመች። የእጅ ሰዓቷን ፈታች። ቀና ብላ ማማዋን፣ ዝቅ ብላ ሰዓቷን አየች። መዘውሯን ስባ አንድ ሰዓት ወደፊት አዞረችው።

«አሁን? ነገ እኮ አገራችን ነን» አልኳት።

«ታዲያ ነገ እመልሰዋለሁ» አለችና ሰዓቷን አስራ ሄደች።